ቀዩ መልእክት በቀን አንዴ

የኡዘይር ዲኖ ማዕረግ ከስሙ ይረዝማል። ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር ባለው የአባቱ የወተት ድርጅት ውስጥ፣ በቢሮው በር ላይ «የዲጂታል ሽግግርና የዘመናዊ አሠራር ዋና ኃላፊ» ተብሎ ተለጥፏል፤ የበሩ ስፋት ስላልበቃ «ኃላፊ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ወደ ታች ወርዳለች። የሦስት ሳምንት ሥልጠና ውጭ አገር ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ፈቃጁ ያልተጻፈበት ነገር ዓይኑን ያመዋል። የመጠጥ ውሃ እንዲመጣለት የሚያዝበት ወረቀት እንኳ ቀን፣ ቁጥር፣ ስም፣ ማዕረግና ማኅተም አለው።

ራያ ዛኪር የዚህ ሰው ብቸኛ ፕሮግራመር ናት። ዓለም ገና ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ካለው ቤታቸው ተነስታ፣ ግማሹን በባጃጅ ግማሹን በሚኒባስ ትመጣለች። ሥራዋ ሱሉልታ ያለውን የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ሰበታ ተቀምጦ ለማየት የሚያስችለውን ፕሮግራም መንከባከብ ነው። ጣቢያው ሁለት ትልልቅ ማቀዝቀዣ ታንኮች አሉት። ገበሬዎቹ ጠዋት ወተት ያስረክባሉ፤ ወተቱ እዚያ ቀዝቅዞ ይቆይና ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ቡራዩ ወዳለው ፋብሪካ ይወስደዋል። በየታንኩ ላይ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ በየአምስት ሴኮንዱ ያየውን ይናገራል። የተናገረው ሁሉ ይመዘገብና ኡዘይር ቢሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ይታያል፤ ደህና ከሆነ በአረንጓዴ፣ ችግር ካለ በቀይ።

ታዲያ በጥር ወር አንዲት ሽቦ ላላች። መሣሪያው ያንኑ አንድ ቀይ መልእክት ሌት ተቀን ሲደጋግም ሰነበተ፣ መዝገቡ አብጦ ኮምፒውተሩን ሞላው፣ ኮምፒውተሩም አልቻለምና ቆመ። ራያ ይህን ካየች በኋላ ከገበያ የመጣውን ከባድ መመዝገቢያ ጥላ የራሷን ቀለል ያለ ጻፈች። ሁለት መቶ መስመር የማይሞላ ነው። አሠራሩን ለኡዘይር ስታስረዳ የሚኒባስ ረዳትን በምሳሌ አነሳችለት።

«ረዳቱ ‹ሰበታ ሰበታ ሰበታ› ይላል አይደል? የኔ መመዝገቢያ የመጀመሪያውን ‹ሰበታ› ወዲያው ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ዝም ብሎ ይቆጥራል። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ‹ሰበታ፣ ሁለት መቶ ጊዜ› ብሎ አንድ መስመር ይጥላል። መዝገቡም አያብጥም፣ ነገሩም አይጠፋም።»

«አሪፍ ነው» አለ ኡዘይር። «ግን ቀዩ በየአሥር ደቂቃው ምን ያደርግልናል? እንግዳ ሲገባ ቢታይስ? ቀዩን በቀን አንዴ አድርጊው። አረንጓዴው እንደ ልቡ ይሂድ።»

«አቶ ኡዘይር፣ መገደብ ካለበት አረንጓዴው ነው። ደህና የሆነውን ነገር ማን ያነበዋል?»

«እኔ።»

«ቀዩ አንዴ ታይቶ ሃያ አራት ሰዓት ዝም ካለ፣ በዚያች ሰዓት ያላየው ሰው በምን ያውቃል?»

«ስክሪኑ እኮ ትልቅ ነው» አለ፣ ጥያቄዋን የመለሰ መስሎት። ቀጠለና፣ «ደግሞ ገደቡን ማን እንደፈቀደው ይጻፍበት። ስም፣ ማዕረግ። ሥርዓት ያለው ነገር ይሁን» አላት።

«የት ላይ ነው የሚጻፈው?»

«ድምር በሚወጣበት መስመር ሁሉ ላይ።»

ራያ የሰው ስምና ሁለት መስመር ማዕረግ መሸከም ቀላል የተባለውን መመዝገቢያ እንደሚያከብደው ልትነግረው ሞከረች። እሱ ግን ትዕዛዙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተሙን ሁለቴ አሳርፎ ሰጣት። እሷም የታዘዘችውን ሠራች። ያን ዕለት ተናድዳ ነበር፤ ሆኖም ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛ ስለወጣች ንዴቷ ዓለም ገና ሳትደርስ በረደላት። የማኅተም ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ኡዘይር መገደብ የጀመረው ከማሽን አልነበረም። የሱሉልታው ጣቢያ ወተት ተረካቢ ኦቦ ኢቲቻ ናቸው፤ በከብት መካከል ያረጁ፣ የታንኩን ሆድ በመዳፋቸው ነክተው ሙቀቱን የሚያውቁ ሰው። ቅር ያላቸው ነገር ካለ ይደውላሉ። ሲደውሉ ግን ወደ ጉዳዩ ዘለው አይገቡም። እንዴት አደርክ ይላሉ፣ አባትህ ይላሉ፣ እናትህ፣ ልጆቹ፣ ሰፈሩ፣ ዝናቡ፣ እንደገና አባትህ። ይህ ሁሉ በአማርኛ ካለቀ በኋላ በኦሮምኛ ይከለሳል። ኡዘይር ሁለት ወር ታገሰና ቁጥራቸውን ከስልኩ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ኦቦ ኢቲቻ በደወሉ ቁጥር «ደንበኛው ሌላ መስመር ላይ ናቸው» ይባላሉ። እሳቸውም ይህ ልጅ ሥራ በዛበት፣ ፈጣሪ ያግዘው ይላሉ።

በድርጅቱ አንድ ሌላ ሕግ ነበር። ወተት በእጁ የተበላሸበት ተረካቢ በዚያው ሳምንት ይሰናበታል። ከኦቦ ኢቲቻ በፊት የነበረው ሰው በዚሁ ነው የሄደው፤ አንድ ጥያቄ እንኳ የጠየቀው የለም።

ሁዳዴ ገባ። ጾመኛው ወተት ሲተው ላሚቱ አብራ አትጾምምና ለቤት ይቀር የነበረው ሁሉ ወደ ጣቢያው ይመጣል፤ ታንኮቹ እስከ አፋቸው ይሞላሉ። በዚህ ወቅት በአንዱ ሐሙስ ኡዘይር አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ለተሰበሰቡ የድርጅት ኃላፊዎች ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። የንግግሩ ርእስ «የማይረብሽ ሲስተም» ነበር። ራያ ከመድረኩ ሥር ተቀምጣ ስላይድ እንድትቀይርለት ታዘዘች። ስልኳንም አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ እንድታስገባ።

የጣቢያው መዝገብ በቀጥታ በአዳራሹ ስክሪን ላይ ይታይ ነበር። አረንጓዴው ይወርዳል። «ታንክ አንድ ደህና ነው። ታንክ ሁለት ደህና ነው። ታንክ አንድ ደህና ነው።» ኡዘይር ከፊቱ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ስለ ሰላም ያወራል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ አንዲት ቀይ መስመር ብቅ አለች፤ «ታንክ ሁለት፦ ወተቱ እየሞቀ ነው።» የታንክ አንድ አረንጓዴ ወዲያው ከላይ ከላይ ተጫነባት፣ ገፍቶም ከስክሪኑ አወጣት።

ራያ አየቻት። ከወንበሯ ብድግ ማለት ጀመረች። ኡዘይር ንግግሩን ሳያቋርጥ በዓይኑ ገረፋት፣ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሰዎችም ዞር አሉ። ራያ ተቀመጠች። አንዴ ነው፣ አንዲት ደቂቃ ሞቆ ተስተካክሎ ይሆናል አለች በልቧ። አለመስተካከሉን የሚነግራት ነገር ግን ሃያ አራት ሰዓት ዝም እንዲል ራሷ ጽፋዋለች፤ ይህንንም ተቀምጣ ሳለች ታውቀዋለች።

ጭብጨባውም፣ ፎቶውም፣ ምሳውም አልቆ ስልኳን ስትከፍት ከኦቦ ኢቲቻ አሥራ አንድ ጥሪ መምጣቱን የሚገልጽ መልእክት አገኘች፤ መልሳ ደውላም የሆነውን ሰማች። ስምንት ሰዓት ላይ ወተት ሊጭን የሄደው ሾፌር የታንክ ሁለትን ክዳን ከፍቶ አፍንጫውን ይዟል። የማቀዝቀዣው ሞተር ጠዋት ቆሟል። ያለ ኡዘይር ፈቃድ ከቡራዩ መካኒክ አይንቀሳቀስም፤ የኡዘይር ስልክ ደግሞ ሌላ መስመር ላይ ነው። የሰማንያ አባወራ ወተት ከታንኩ ወደ ቦይ ወረደ። ኦቦ ኢቲቻ ቦዩ ዳር ቆመው ወተቱ ሄዶ እስኪያልቅ ድረስ አዩት አሉ።

በማግሥቱ አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኡዘይር ቢሮ ስብሰባ ተጠራ። የድርጅቱ ባለቤት ሐጂ ዲኖ ከስክሪኑ ትይዩ ተቀመጡ። የገበሬዎቹ ተወካይ ወይዘሮ ድንቅቱ ከኦቦ ኢቲቻ ጋር ከሱሉልታ ማልደው ወጥተው፣ ሦስት ሚኒባስ ቀያይረው ደርሰዋል። ኦቦ ኢቲቻ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ።

«መዝገቡ ግልጽ ነው» አለ ኡዘይር። «ትናንት ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ አንዲት ማስጠንቀቂያ መጥታለች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ምንም ከሌለ ችግሩ አልፏል ማለት ነው። ወተቱ የተበላሸው እንግዲህ በአያያዝ ነው። ሕጉ ደግሞ ይታወቃል።» የስንብቱ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ደውዬ ነበር» አሉ ኦቦ ኢቲቻ ቀስ ብለው።

«ስልኬ ላይ ጥሪ የለም።»

«እኔ ጋ አለ» አለች ራያ። «አሥራ አንድ ጊዜ ደውለዋል።»

«እሱ ለሰላምታ ነው» አለ ኡዘይር፣ ሐጂም ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ኦቦ ኢቲቻን ሁሉም ያውቃቸዋላ።

«ሐጂ፣ ስክሪኑ ያላሳየው ነገር አለ» አለች ራያ። «ቀዩ መልእክት የማይታየው እንዲገደብ ስለ...»

«ራያ፣ ቴክኒኩን ለብቻችን እናወራለን።»

ሐጂ ዲኖ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ይህን ስክሪን የሰቀልነው ሰው ከሚያደርገው ክርክር ይገላግለናል ተብሎ ነው። እሱ ያላሳየውን አንቺ ብትነግሪኝ ምን ብዬ አምናለሁ?»

ራያ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ትናንት በሁለት ከአርባ የተጀመረው ቆጠራ ሃያ አራት ሰዓት ሊሞላው ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ኡዘይር ደብዳቤውን ወደ ኦቦ ኢቲቻ መግፋት ጀመረ።

«እሺ» አለች ቶሎ ብላ። «ግን እሳቸውም ቃላቸውን ይስጡ። ሥርዓቱ እንደዚያ አይደል? ኦቦ ኢቲቻ፣ አንቱ ከመጀመሪያው ይንገሩን። አንድም ሳይዘሉ።»

ሥርዓት የሚለው ቃል ሲነሳ ኡዘይር እምቢ ማለት አይችልም። ኦቦ ኢቲቻ ከመጀመሪያው ንገሩን ተብለው በዕድሜያቸው ሙሉ ተጠይቀው አያውቁም ነበር። ተነሱ። የሐጂን ጤና ጠየቁ። የሐጂን ጉልበት ለይተው ጠየቁ፣ የቀኙን። ባለቤታቸውን ጠየቁ፣ ቡራዩ የተዳረችውን ልጃቸውን በስሟ ጠየቁ፣ ለሞቱት ወንድማቸው ነፍስ ይማር አሉ። ኡዘይር ሰዓቱን ነካ ነካ አደረገ፤ ሐጂ ግን የቀኝ ጉልበታቸውን እያሻሹ መመለስ ጀምረዋል። አርጅተዋል፣ እንዲህ የሚጠይቃቸውም ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ከዚያ ኦቦ ኢቲቻ በኦሮምኛ ከለሱት። ሐጂም በኦሮምኛ መለሱ። ወደ ሐሙስ ጠዋት የደረሱት ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ነው።

«ታንኩን በእጄ ነካሁት» አሉ ያኔ። «ሞተሩ ድምፅ የለውም። ሆዱ ለብ ብሏል። ወተት ሲሞቅ እኔ አውቃለሁ። ደወልኩ፣ ሥራ ላይ ነው አለችኝ ሴትዮዋ። ትንሽ ቆይቼ ደወልኩ፣ ሥራ ላይ ነው አለችኝ። ውሃ ቀድቼ ታንኩ ላይ አፈሰስኩ። ባልዲ በባልዲ። አንድ ሰው ነኝ፣ ታንኩ ደግሞ...» እጃቸውን ዘረጉና አልበቃ ስላላቸው ተዉት። «ለዚህች ልጅም ደወልኩ።»

ራያ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። አፈረች።

«በቃ፣ ሰማን» አለ ኡዘይር፣ ደብዳቤውንም ገፋው። ይህን ጊዜ ከጀርባው ግድግዳው ላይ ቀይ መጣ። በራሱ ትዕዛዝ ረጅም ስለሆነ ሦስት መስመር ፈጀ።

«አንብቢልኝ» አሉ ሐጂ ዲኖ።

ራያ ቆማ አነበበች። «ታንክ ሁለት፦ ወተቱ እየሞቀ ነው። ይህ መልእክት ባለፉት ሃያ አራት ሰዓታት ተጨማሪ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ተልኮ እንዳይታይ ተደርጓል። ገደቡን የፈቀዱት፦ አቶ ኡዘይር ዲኖ፣ የዲጂታል ሽግግርና የዘመናዊ አሠራር ዋና ኃላፊ።»

ወይዘሮ ድንቅቱ ለኦቦ ኢቲቻ በጆሯቸው በኦሮምኛ ደገሙላቸው። ኦቦ ኢቲቻ ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት። «እኔ እንኳ አሥራ አምስት ጊዜም አልሞላሁ» አሉ። ለማሽኑ ያዘኑለት ይመስሉ ነበር።

ሐጂ ዲኖ ደብዳቤውን አንስተው ለሁለት ቀደዱት። ልጃቸውን ስልኩን እንዲያመጣ ጠየቁት፣ የተዘጋውን ቁጥርም እፊታቸው አስከፈቱት። ከዚያ በላይ አልሄዱም። ተረካቢ ይሰናበታል እንጂ ልጅ አይሰናበትም፤ ማዕረጉም በሩ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ወተቱም ሄዷል።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ኡዘይር ራያን አስቀራት። «ያንን የፈቃጅ ስም የሚለውን አውጪው» አላት። «መመዝገቢያውን አክብዶታል። ቀላል ይሁን ብለሽ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። ግን ማንኛውም ለውጥ ያለ ጽሑፍ ትዕዛዝ አይደረግም ብለውኛል።»

«ልክ ነሽ» አለ፣ ሥርዓት በመጠበቁ ፊቱ ፈታ እያለ። ወረቀት ሳበ። ቀን ጻፈ፣ ቁጥር ጻፈ፣ የፈቃጅ ስም ከመዝገቡ እንዲወጣ መፍቀዱን ጻፈ፣ ከሥሩ ስሙንና ማዕረጉን ሙሉውን አሰፈረ፣ ማኅተሙንም ሁለቴ አሳረፈ።

ራያ ወረቀቱን ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ቀዩን ወደ አሥር ደቂቃ መለሰች፤ ለዚህ ማንንም አላስፈቀደችም። ስሙን እንደታዘዘችው አወጣች። በለውጦች መዝገብ ላይ «የፈቃጅ ስም ከእንግዲህ አይጻፍም። የፈቀዱት፦ አቶ ኡዘይር ዲኖ፣ የዲጂታል ሽግግርና የዘመናዊ አሠራር ዋና ኃላፊ» ብላ አሰፈረች። ከዚያም ከሥሩ ማንም ያላዘዛትን አንድ መስመር ጨመረች፤ «ሐሙስ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ቀዩን አይታ የተቀመጠችው፦ ራያ ዛኪር።»