ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ

አባቴ ሐጂ ጀማሉዲን ቃላቸው አንድ ነው። "ለሙከራ የማዘው ምግብ ትኩሱን አዘዞ ከደረሰ ሱቋ ያንቺ ናት፤ ከቀዘቀዘ ግን ለሳሊም አከራያታለሁ" አሉኝ። ሳሊም የማኪና ዕቃ ነጋዴ ነው። ሱቋ ደግሞ ፒያሳ ያለችው፣ የምግብ ማድረሻ አፕሊኬሽኔን የምሠራባት ክፍል ናት። ለሷ ብዬ የዩኒቨርሲቲ ሥራዬን ለቅቄያለሁ።

ያላሰብኩት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ጎንደር ላይ የቤት ቁጥሩን የሚያውቅ ስለሌለ ካርታ ላይ ነጥብ አደረግሁ። የጾሙና የፍስኩ እንዳይነካካ፣ የሙስሊሙም ሥጋ ለብቻው እንዲሄድ ሁለት ቦርሳ አሰፋሁ። ለሞተሩ የኮሶዬውን አስናቀውን ቀጠርኩ። ሸጋ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው። ጉድ የሠራኝም ጨዋነቱ ነው።

በሙከራው ዕለት፣ ዓርብ፣ ሁለት ትእዛዝ መጣ። አንዱ ማራኪ ለወይዘሮ ወርቅውሃ የሚሄድ ሽሮ ነው። ሌላው የአባቴ ጥብስ ነው፤ እሳቸው አዘዞ አክስቴ ቤት ከሳሊም ጋር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አስናቀው ሁለቱንም ይዞ ወጣ። ስልኬ ላይ የሞተሩ ነጥብ ማራኪ ደረሰ፣ ቆመ፣ ቆሞም ቀረ።

ደወልኩለት። "አያ አስናቀው፣ ምን ነካህ? ጥብሱ እኮ ይቀዘቅዛል።"

"ምን ላድርግ ፈህሚያ" አለኝ አፉ ሞልቶ። "ምግብ ያመጣ ሰው ሳይበላ አይወጣም አሉ። በሞቴ ብለዋል።"

ራሳቸው ከፍለው ያዘዙትን ሽሮ! ደሜ ፈላ። ባጃጅ ይዤ በረርኩ። የጥብሱን ቦርሳ ከደጃፉ አንሥቼ ልሮጥ ስል ወይዘሮ ወርቅውሃ ክንዴን ያዙኝ።

"ምነው ልጄ፣ እህል ቀርቦ ትቆሚያለሽ? ሽሮ ነው፣ ላንቺም ይሆናል። በሞቴ።"

በሞቴ ተብሎ እምቢ አይባል ነገር፣ ጎረስኩ። ዞር ስል "አንድ ያጣላል" አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ። እኔ በንዴት እየተቃጠልኩ አላምጣለሁ፤ አስናቀው ተረጋግቶ እጁን ይታጠባል።

አዘዞ ስንደርስ የጥብሱ ስብ ረግቷል። አባቴ ከፍተው ቀመሱት። "ቀዝቅዟል" አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

"ታዲያ ሴትዮዋ ምን አጠፉ?" አሉኝ። "ምግብ ያመጣላቸውን ሰው ከበር ይመልሱት?"

ሳሊም አንገቱን ደፍቶ ሣቀ።

"ሰኞ ቁልፉን ለሳሊም ስጪው" አሉ አባቴ።

እንባዬ ሳይቀድመኝ ልወጣ ተነሣሁ።

"ወዴት ነው? ምግቡን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ተቀመጪ፣ በሞቴ።"

ያንኑ የረጋ ጥብስ ጠቅልለው አጎረሱኝ። እንደምንም ዋጥኩት። "ይበቃኛል አባባ" አልኩ።

"አንድማ ያጣላል ልጄ" አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ሱቄን የወሰደው እጅ ጉርሻውን ይዞ ጠበቀኝ። አፌን ከፈትኩ።