ቢጫው ግማሽ ጨረቃ
«ይሄማ ውሻ ነው፣ አባዬ» አለች ልጁ፣ የሰፋላትን ጥቁር የድብ ልብስ ከፍ አድርጋ ይዛ።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ግራ ገባው። መምህሯ የሰጠቻትን የትንሹን የሞቃት አገር ደን ድብ ፎቶ እያየ፣ ጸጉሩን አጭር፣ ጆሮውን ትንሽና ክብ፣ ጥፍሩን ረጅምና ቆልማማ አድርጎለታል።

«ምኑ ጎደለው?»

«ደረቱ ላይ ያለው ቢጫ ግማሽ ጨረቃስ?»

«እሱማ ፎቶው ላይ ሻይ የፈሰሰበት መስሎኝ ተውኩት።»

«የዚህ ድብ ምልክቱ እኮ እሱ ነው። ነገ ትምህርት ቤት ትያትሩ ላይ ሊስቁብኝ ነው።»

ሰውየው ቁርጥራጭ ጨርቁን ሁሉ ገለባበጠ፤ ቢጫ የሚባል የለም። ልጅቷ ዓይኗን የለበሰው ማልያ ላይ ተከለች። እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለት፣ የሚደግፈው የኳስ ቡድን ቢጫ ማልያ ነው።

«እንዳታስቢው» አላት።

«ከጀርባው ቁረጠው» አለች። «አንተ አታየውም።»