ምድርም ፀሐይን ትስባለች

መምህርት መሰረት ከደሴ ተመድባ አሰላ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር፤ ፊዚክስ ታስተምራለች። በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከክፍል ጠርተው ወደ ቀበሌ ወሰዷት። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም።

ሊቀመንበሩ ጉደታ ከፊቱ ደብተር ዘርግቷል። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ የከዲጃ ነው፤ ትናንት በቤት ለቤት ፍተሻ የተገኘ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ መሰረት እንዲገባቸው ብላ አንዲት ነገር በአማርኛ አስጽፋቸው ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባታል፦ «ትልቁ ትንሹን ይስባል፤ ትንሹም ትልቁን በዚያው ኃይል ይስባል።»

ጉደታ ይህ የየትኛው ድርጅት የምስጢር ቃል እንደሆነ ጠየቃት። ልጅቷ መምህሬ ናት ያስጻፈችኝ ብላለች፤ እሱ ግን አላመናትም። ከዲጃ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች፤ ሳሏ ይሰማል።

መሰረት አላስጻፍኩም ብትል ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ባለፈው ወር ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ የተወሰደ ሰው እስካሁን ቤቱ አልገባም።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኳት» አለች።

እንድታስረዳ አዘዛት። ከጋዋኗ ኪስ ጠመኔ አውጥታ በሩ ላይ ፀሐይንና ምድርን ሣለች። ፀሐይ ምድርን ዘወትር ወደ ራሷ ትስባለች፤ ምድር ግን ወደ ጎን እየበረረች ስለሆነ አትወድቅባትም፣ መንገዷ እየታጠፈ ትዞራታለች። ምድርም ፀሐይን እኩል ትስባለች፤ ፀሐይ እጅግ ከባድ ስለሆነች ብዙም አትነቃነቅም። ይህን ሁሉ ነገረችው።

ጉደታ በጣቱ ፀሐይዋን አመለከተ።

«ፀሐይዋ ብትጠፋስ?»

ከጭንቅላቱ በላይ የመሪው ፎቶ ተሰቅሏል። መሰረት ዓይኗን ወደዚያ ላለማንሳት ታገለች።

«ምድር መዞሯን ትታ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።»

«ወዴት?»

«ወደ ጨለማ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

የተናገረችው እውነቱን ነበር። እሱ ግን ለመሪው የተሰጠ ውዳሴ ሳይመስለው አልቀረም፤ ፈገግ ብሎ ወረቀት ላይ አሰፈረው። ሁለቱንም እንዲለቋቸው አዘዘ፤ የትንሹን መሳብ ግን ዳግም እንዳታስተምር አስጠነቀቃት።

ከዲጃ የመምህርቷን እጅጌ ይዛ ወጣች። ገበያውን አለፉ።

«ቲቸር፣ ደግመው ይጠሩናል?»

«አላውቅም» አለቻት።

የከዲጃ አባት አቶ አብዶ በዚያው ቀን በእህል መኪና አሳፍሮ አቦምሳ፣ አክስቷ ዘንድ ሰደዳት። መሰረት እስከ ሰኔ አስተማረች። የክፍሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ግን የጀመረችውን ቃል ትረሳው ነበር።