የነጎድጓድ ጀርባ

እኛ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ነጎድጓድና መምህሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጃዝ ስንዘፍን ኖረናል፤ ያውም ያለ መሣሪያ፣ በባዶ ጉሮሮ። ወንድሜን ነጎድጓድ ያሉት ወፍራሙን ድምፅ ስለሚይዝ ነው። መምህሩ ጡረታ ቢወጣም አመሉ አብሮት አልወጣም፤ ዛሬም ካረፈድን ሰዓቱን እያየ በር ላይ ይጠብቀናል።

ባለፈው ወር መድረክ ላይ የዘፈንነው በአልበም ሊወጣ ስለሆነ እንድንሰማው ስቱዲዮ ተጠራን። ሁለቱ ደስ ብሏቸው ሄዱ። እኔ ግን እግሬን እየጎተትኩ ተከተልኳቸው። ጉድ አለብኛ!

የነጎድጓድ ጆሮ ከከዳው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ጮክ ካሉለት ይሰማል፤ መድረክ ላይ ግን እኛን ፈጽሞ አይሰማንም። ስለዚህ እጄን ከኋላው ሰድጄ ምቱን ጀርባው ላይ እመታለታለሁ። እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት። መምህሩ ካወቀ ግን አለቀልን። «አንዳችን ያቃተው ቀን ሁላችንም እናቆማለን» ብሎ ያስማለን እሱ ነው። ወንድሜ ደግሞ መዝፈን ቢቀርበት ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም።

የድምፅ ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ዘፈን አሰማችን። ግሩም ነው! መምህሩ እንኳ ስህተት አጣበት።

«አንድ ነገር ብቻ አለ» አለች። «ነጎድጓድ ደረት ላይ የነበረው ማይክ የሆነ ነገር ይዟል።» የሌላውን ድምፅ ዘጋግታ የሱን ብቻ ከፈተችው።

ዱብ። ዱብ። ዱብ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የልቡ ምት ይሆናላ!» አልኩ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

«እንደዚያ ከሆነ ሁለት ልብ አለው» አለች እየሳቀች። «ስሙት። አንዱ ከበድ ይላል፣ አንዱ ቀለል ያለና ትንሽ የሚቀድም ነው። የሁለት ሰው እጅ ነው።»

እኔ ሁሌ የምቆመው በወንድሜ ግራ ነው። በቀኙ የሚቆመውን ዞር ብዬ አየሁት። መምህሩ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሏል።

«አንተ!» አልኩት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ካወቅሽ ታስቆሚዋለሽ ብዬ ፈርቼ።»

«መሐላውስ?»

«ያስማልኩት እኔ አይደለሁ? እኔው አፈረስኩት።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። ነጎድጓድ ግን ግራ ገብቶት ፊት ፊታችንን ያያል።

«ጮክ በሉ እንጂ! ምን ተገኘ?»

«ሁለታችንም ጀርባህን ስንመታልህ ኖረናል!» ብዬ ጆሮው ስር ጮህኩ።

«እና ጀርባው የማን መሰለሽ?» አለኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደበድቡኝ አንድ ቀን እንኳ ገጥማችሁ አታውቁም። እሱ ይቸኩላል፣ አንቺ ትጎተቻለሽ። እኔ መሐል መሐሉን እየያዝኩ ነው የዘፈንኩት!»

ባለሙያዋ ዓይኗን እየጠራረገች፣ «ታዲያ ይሄን ምት ላጥፋው?» አለች።

መምህሩ በሁለት እጁ «እንዳትነኪው!» የሚል ምልክት አሳያት። ነጎድጓድ ያንን ሲያይ ገባው። ከወንበሩ ተነሳና ኮቱን አውልቆ መሐላችን ቆመ።

«ከመጀመሪያው ክፈቺልን» አላት፤ ጀርባውንም ወደኛ አመቻቸ።