ሦስተኛው ፌደር

ኦድቫር ሦስተኛውን ፌደር ከድምፅ ማቀናበሪያው ሚክሰር ነቅሎ ሲያወጣ፣ ሪግሞር ከወንበሯ ተነስታ በትከሻው ላይ አንገቷን አሰገገች።

"እሱ ነው ከሃዲው" አለች።

ኦድቫር የፌደሩን የቆርቆሮ ሽፋን በቀጭን መፍቻ ከፈተው። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከወደቡ በላይ ባለው ቤቱ ምድር ቤት አሮጌ የድምፅ ዕቃ ይጠግናል። ሪግሞር ሰባ አራት ሞልቷታል። በደሴቲቱ ራዲዮ ጣቢያ ሃያ ዓመት ሙሉ እሷ ዜና ስታነብ እሱ ድምፅ ሲቆጣጠር ኖረዋል። ጣቢያው ሲዘጋ ይህንኑ የጣቢያውን ሚክሰር ገዛችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአረጋውያኑ መኖሪያ ታነብበታለች። ሰሞኑን ግን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ፌደሮች በተነኩ ቁጥር ይንኮሻኮሹ ጀመር።

"ሽማግሌዎቹ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? 'ሪግሞር፣ እያነበብሽ ዓሣ ትጠብሻለሽ እንዴ?'"

ኦድቫር ፈገግ አለ። "የሚረጨውን ማጽጃ ማን ነው ያርከፈከፈበት?"

"እኔው ነኝ።"

"ቆሻሻውንም ቅባቱንም አንድ ላይ አጥቦ ወሰደው። ለዚህ ነው እጅሽ ላይ የሚንገጫገጨው።"

ጥጥ በአልኮል ነክሮ ድምፁ የሚያልፍበትን ጥቁር ንጣፍ በስሱ ጠረገ። ከዚያ በስንጥር ጫፍ ጥቂት ቅባት ጨልፎ ተንሸራታቹ የሚሄድባቸውን ሁለት ዘንጎች ብቻ ቀባ። ጥቁሩን ንጣፍ ቅባት እንዳይነካው ትንፋሹን ውጦ ነበር።

"ቆይ፣ አትዝጋው" አለች ሪግሞር ስልኳን እያወጣች። "ፎቶ ላንሳው። የተበላሸበትን ቦታ በጣትህ አሳየኝ። ለቶሩን እልክላታለሁ።"

ቶሩን ታናሽ እህቷ ናት፤ በደሴቲቱ የዓሣ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት የዓሣ ፋብሪካው ባለቤት የማጥመድ ፈቃዱን በድብቅ ሸጦ ፋብሪካው ሊዘጋ እንደሆነ ሪግሞር ደረሰችበት። ጠዋት በዜናው ላይ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ፋብሪካው ውስጥ ራዲዮ ተዘግቶ ስለማያውቅ እህቴም ሰምታለች ብላ ተረጋጋች። ግን ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ በራዲዮ የወጣው ሙዚቃ ነበር። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ "ሦስተኛው፣ የማይክሮፎንሽ ፌደር ተበላሽቶ ነው" አላት። ቶሩን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የቤት ብድር ፈረመች፤ በወሩ ሥራዋን፣ በዓመቱ ቤቷን አጣች። ወደ ትሮምሶ ከተማ ስትሄድ ለሪግሞር የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ዕቃ መርጦ አይበላሽም። ፈርተሽ ዝም ብለሽ ነው።"

"ባለፈው ገና ካርድ ላከችልኝ" አለች ሪግሞር። "ስሟን ብቻ ነው የጻፈችበት። ቢሆንም ልካለች። አሁን ይኼን ብታይ ታምነኛለች።"

ኦድቫር ንጣፉን አየው። ከዳር እስከ ዳር ልስልስ ያለ ነው፤ አንዲት ጭረት የለበትም። መፍቻው እጁ ላይ ነበር። ጫፉን ንጣፉ ላይ አንድ ጊዜ ጎተት ቢያደርገው ሪግሞር ማስረጃዋን ታገኛለች፤ እሱም እስከ መቃብሩ ወዳጇ ሆኖ ይኖራል።

መፍቻውን አስቀመጠ።

"አልተበላሸም" አለ። "ያን ቀንም አልተበላሸም ነበር።"

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው?"

"ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ ዝቅ አድርገው ብሎ በእጁ ጠቆመኝ። እኔም ዝቅ አደረግሁትና ሙዚቃ አስገባሁ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ታነቢ ነበር።"

ሪግሞር ቀስ ብላ ተቀመጠች። ስልኩ ጭኗ ላይ ቀረ።

"ይኼን ዕቃ ስረግመው ስትሰማ ኖረሃል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ስንት ገና ቤቴ በላህ፣ ኦድቫር?"

"ብዙ። ሥራ አስኪያጁ ሲሞት እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። ሞተ። ጣቢያው ሲዘጋ አልኩ። ተዘጋ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ መቆየቱ ራሱ አሳፈረኝ።"

"እኔ ዕቃ ነው የበደለኝ ብዬ በእህቴ ዓይን ውሸታም ሆኜ ስለምናት ኖርኩ" አለች። ድምጿ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለው ነበር። "አሁን ለእኔ መናገርህ ምን ይረባኛል?"

ኦድቫር ፌደሩን ዘጋው። እጁ ላይ የቀረውን ቅባት በጨርቅ ጠረገ፤ ጣቶቹ ከጸዱ በኋላም ትንሽ ጠረጋቸው።

"የቶሩንን ቁጥር ንገሪኝ" አለ።

"ትዘጋብሃለች።"

"እንደገና እደውላለሁ።"

ሪግሞር መነጽሯን አደረገችና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለች አነበበችለት። እሱም ስህተት እንዳይገባበት እያንዳንዱን እየደገመ በራሱ ስልክ ላይ ነካ።