ሁለት ቁልፍ ያለው ዋይፋይ

ጎረቤቶቻቸው ጋሽ ካዝና ይሏቸዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን የባንክ ካዝና ሲጠብቁ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ጥርጣሬያቸው ገና በሥራ ላይ ነው። የስኳሩን ዕቃ ሳይቀር ይቆልፋሉ።

ያለፈው ሳምንት ጉድ ያንገበገባቸውም ለዚህ ነው። ሴት ልጃቸው በኮምፒውተር የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሳለች መስመሩ ተቋረጠ፤ ምስሏ አፏን እንደከፈተች ቀጥ ብሎ ቀረ። ቀጣሪዎቹም በዚያው ጠፉ። ለካ ዋይፋዩ ሲገጠም የይለፍ ቃል አልተደረገለትም ኖሯል፤ ሕንፃው በሙሉ እንደ መንገድ ዳር ቧንቧ ሲቀዳው ከርሟል።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊጠይቃት ነው። ልጅቷ ከተመረቀች ወዲህ የጠሯት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛ ስለመኖሩ ማንም አያውቅም። ኮምፒውተሩ ዋይፋይ የሚቀበልበት አሮጌ አዳፕተር የተቆለፈ መስመር አይገባውም ስለተባለ ጋሽ ካዝና ማልደው ወጥተው አውራ ጣት የምታክል አዲስ አዳፕተር ገዙ። ቤት እንደገቡም ሕግ አወጡ።

«ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም!»

የይለፍ ቃሉ ለሁለት ተከፈለ። የፊቱን ግማሽ ሚስታቸው፣ የኋላውን ልጅቷ ዋይፋዩ ላይ በየተራ አስገቡ። አንዷ የሌላዋን እንዳታይ፣ ወረቀት ላይ መጻፍም ክልክል። ራሳቸው ሕግ አውጪውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ።

ስምንት ተኩል ላይ ጋሽ ካዝና አዳፕተሯን ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። አዳፕተሯም ወዲያው የይለፍ ቃል ጠየቀች። ሚስታቸው ግን ልብስ እያጠቡ ነው፤ ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ፀጉሯን ታበጥራለች።

«ቁልፋችሁን ይዛችሁ ኑ!» አሉ።

«እጄ አረፋ ነው! ልንገርህና ጻፈው!» አሉ ሚስት።

«ምን?» ጋሽ ካዝና ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል።

«ያንኮራፋል! ከኋላው ሰባት ቁጥር!»

«ማነው የሚያንኮራፋው?»

«የይለፍ ቃሉ ነው፣ አንተ ሰውዬ! ያንኮራፋል!»

ከላይኛው ፎቅ ሳቅ ተሰማ። ጋሽ ካዝና እያጉረመረሙ ጻፉ።

«ያንቺስ፣ ልጄ?»

«ዘንድሮ እቀጠራለሁ! ሳይነጣጠል፣ አባዬ!»

አልከፈተም። ስክሪኑ የሚያሳየው ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ የቱ ጋ እንደተሳሳቱ አይታወቅም። ደገሙት፤ አሁንም እምቢ አለ። ላብ አጠመቃቸው፤ ሙቀቱ አላስችል ቢላቸው መስኮቱን በረገዱት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጄ ቃለ መጠይቅ ነው!» ብለው ጮኹ። «ፊደል በፊደል ንገሩኝ!»

እናትና ልጅ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየተቀባበሉ፣ ከየክፍላቸው ፊደሉን አንድ በአንድ ጠሩላቸው። የአዳፕተሯ አረንጓዴ መብራት በራ።

ቃለ መጠይቁ እንደ ውሃ ፈሰሰ። መስመሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንገጫገጨም። ጋሽ ካዝና በሩ ላይ ተለጥፈው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ሲጠብቁ ልጅቷ ብር ብላ ወጣች።

«ሰኞ ጀምሪ አሉኝ!»

ተቃቀፉ፤ አለቀሱ። ጋሽ ካዝና እንባቸውን ሳይጠርጉ ደረታቸውን ነፉ። «ቁልፍ ማለት ይህ ነው! ሌባ ሁሉ ዛሬ ደጅ ቀረ!»

በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ።

«ጋሼ፣ ጨረሰች? አሁን እንግባ?»

«የት?»

«ዋይፋዩ ውስጥ ነዋ።»

ጋሽ ካዝና ክው አሉ። «የይለፍ ቃሉን ማን ነገራችሁ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል? ቤተሰቡ በሙሉ ነው የነገረን። እኔ ያመለጠኝን ፊደል የላይኞቹ አሟሉልኝ። ግን ቃለ መጠይቅ አለባት ስላሉ ማንም አልነካውም። የሦስተኛ ፎቁ አባወራማ ልጆቹ እያለቀሱ ስልካቸውን ነጥቋቸዋል።»

ጋሽ ካዝና በሕይወታቸው ያላዩት የቁልፍ ዓይነት የለም። በሁሉም ሰው እጅ ገብቶ ማንም ያልከፈተበት ቁልፍ ግን አይተው አያውቁም። ሌባ ማለታቸው አሳፈራቸው።

«ተቀጠረች» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ወደ ደረጃው መለስ አድርጋ «ተቀጠረች!» ብላ ስትጮህ፣ ከላይም ከታችም በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ።