የሚዘገየው ፍሬን

አባት ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሹፌር ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ይዞ አልጋ ላይ ሲያውለው ከሁሉ ያንገበገበው እግሩ ሳይሆን መሪው ነበር። ልጁ ደግሞ መሐንዲስ ናት፤ ያውም የጀመረችውን ሳትጨርስ እህል የማይወርድላት ዓይነት። አሮጌ ተሽከርካሪ ወንበር ፈልጋ ሞተር ገጠመችለት፤ ከመቀመጫው ሥር መዳፍ የምታክል፣ በሊኑክስ የምትሠራ የኮምፒውተር ቦርድ አሰረችበት። አባትየው በደህናው ግራ እጁ አጭር ዘንግ ይይዛል። የዘንጉ ትእዛዝ ሲሪያል ፖርት በሚሉት፣ መልእክት አንድ በአንድ ተሰልፎ በሚያልፍበት መስመር ወደ ቦርዱ ይገባል፤ በሌላ ፖርት ደግሞ ወደ ሞተሩ ይወጣል። በሦስተኛው ፖርት ቦርዱ የሠራውን ሁሉ ለላፕቶፗ ሪፖርት ያደርጋል። ዘንጉን ሲለቅ ወንበሩ እዚያው መቆም አለበት። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው።

ሳሎን ውስጥ ለአፍታ ሲሞክሩት እንደ በግ ታዘዘ። ግቢ ወጥቶ ዞር ዞር ሲል ግን አባትየው እጁን ለቀቀ፣ ወንበሩ መንገዱን ቀጠለ፣ የኩሽናውን በር ገጨ። ሰውዬው የተላጠ ጉልበቱን ዞር ብሎም አላየው።

"ፍሬኗ... ይዘገያል" አለ። ከሕመሙ ወዲህ ንግግሩ ዳገት እንደሚወጣ አሮጌ መኪና ነው፤ መድረሱ አይቀርም፣ ግን መጠበቅ ይፈልጋል።

ልጅቱ ደነገጠች። የዘንጉን ፖርት ከሥራ ሁሉ አስቀደመችው፤ ቦርዱ ሌላ ምንም ቢይዝ ጥሎ መጀመሪያ እሱን እንዲሰማ አዘዘችው። ጥፋቱን እጅ ከፍንጅ ለመያዝም ሪፖርቱን አበዛችበት፦ ትእዛዝ ደረሰኝ፣ አነበብኩት፣ ለሞተሩ ላክሁት። ወንበሩ ይባስ ብሎ የአበባ ማስቀመጫውን ሰበረ። እሷም ሪፖርቱን ጨመረችበት። በሚቀጥለው ጊዜ አጥሩን ገጨና የአባቷ ግንባር ተፈነከተ።

ወንድሟ መጥቶ ፕላስተሩን ሲያይ ጦፈ። "እኔ የምልሽ፣ አባዬ የሙከራ ዕቃሽ ነው እንዴ? ይብቃሽ በቃ! ይሄን ነገር ከቤት አውጪልኝ።"

የወንድሟን ቁጣ ለምዳዋለች፤ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታወጣዋለች። ልቧን የሰበራት የአባቷ ነገር ነው። "ቅዳሜ... አንዴ... እሞክራታለሁ" አለ። "ከገጨች ግን... አልጋዬ... ይሻለኛል።" ፍሬኑን ያላመነ ሹፌር መሪ አይጨብጥም። አባቷ ደግሞ ያን ቀን ወደ አልጋው ከተመለሰ በልመናም እንደማይነሳ ታውቃለች።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ጥፋቱ አልተገኘም። ሾርባና ዳቦ አቅርባለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ አልፈጀህም?"

ማኘኩን አቁሞ ቃሉን ፈለገ። "አል... አልፈጀኝም።"

"ጨው አነሰው እንዴ?"

"ደህና... ነው።"

"ዋጥከው? ቀስ በል እሺ። እጅህን ደከመህ? ላጉርስህ?"

ሰውዬው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ማኘኩን ያቆማል፤ ቃሉን ከሩቅ ጎትቶ ያመጣል፤ ገና ወደ ጉርሻው ሳይመለስ ሌላ ጥያቄ ይደርስበታል። ሾርባው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"ኧረ በፈጠረሽ! ልመልስልሽ... ወይስ... ልብላ?"

ሳቋ አመለጣት፤ ከታመመ ወዲህ እንዲህ ተቆጥቶ አያውቅም። ከዚያ ሳቁ አፏ ላይ ቀረ። ሪፖርቱ የሚወጣበት ሦስተኛው ፖርት ቀርፋፋ ነው። ሪፖርት ሲበዛበት ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ የቦርዱ ፕሮግራም የዘንጉን ትእዛዝ እንኳ ሳያነብ፣ ቦታ እስኪለቀቅለት ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። አባቷ "ቁም" ሲል ቦርዱ ያልሰማው ለእሷ መልስ ሲሰጥ ነው። በጠየቀች ቁጥር እያዘገየችው፣ በዘገየ ቁጥር እየጠየቀችው ኖራለች። እፍረቱ ከጆሮዋ እስከ አንገቷ አቃጠላት።

"አባዬ፣ ሾርባህን ብላ!" ብላ ብድግ አለች።

"መች... አስበላሽኝና!"

ሪፖርቱን ዘጋችው። ወንበሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጭና ግቢውን እስኪሰለቻት አዞረችው፤ ዘንጉን በለቀቀች ቁጥር ቀጥ አለ። ከዚያ አባቷን አስቀመጠችው። በሩ ጋ ሲደርሱ በግራ እጁ ከለከላት።

"አትከተዪኝ።"

ልትከራከር ነበር፤ ዋጥ አደረገችው። የበሩን ብረት ይዛ ቀረች። አባቷ የእግረኛውን መንገድ ይዞ እስከ ማዕዘኑ ወረደ። እዚያ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ የጥንት ወዳጁ ነው፤ አባቷ ከታመመ ወዲህ ሱቁን አላየም። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ከመስታወት በሩ ፊት ወጣና እጁን ዘረጋ።

አባቷ ያለው ደህና እጅ አንድ ነው፣ እሱም ዘንጉን ይዟል። ሰላም ለማለት መልቀቅ አለበት፤ ወንበሩም እየሄደ ነው፤ መስታወቱም ፊቱ ነው። "አባዬ!" ልትል አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አላወጣችም።

አባቷ እጁን ለቀቀ። ወንበሩ ባለበት ቆመ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በግራ እጅ ተጨባብጠው መለያየት አቃታቸው። ልጅቱ በሩን እንደያዘች አለቀሰች።

ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተተ መጣ። ልትጠይቀው የምትፈልገው ነገር ብዙ ነበር። ደከመህ? በደንብ ቆመልህ? መንገዱስ? ከንፈሯን ነክሳ በሩን ከፈተችለት። በአጠገቧ አልፎ ገባ፤ ግቢው መሐል ሲደርስ እጁን ለቀቀ፤ ወንበሩ ቆመ። ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ወንበሩን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ አዞረ።

"ምነው..." አለ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ "ዛሬ... አትጠይቂኝም እንዴ?"